ከኋላ ተጠግቶ የሚያሽከረክር ሲያጋጥም ምን ማድረግ ይገባል? ሕጉስ ምን ይላል?

አዳማ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለሚጀመር ስብሰባ 2 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ የተነሣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ በአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ሁለት ጫናዎች ያርፉበታል። አንደኛው ከውስጥ የሚመጣ ሲሆን፣ ሰዓታቸውን ደጋግመው የሚመለከቱ ተሳፋሪዎች የሚያሳድሩት ነው። ሁለተኛው ከኋላ የሚመጣው ነው። ረጅም መብራቱን እያበራና እያጠፋ፣ ክላክስ እያሰማ፣ የፊተኛውን ተሽከርካሪ የኋላ መብራት ሊነካ እስኪደርስ የሚጠጋ ሌላ አሽከርካሪ ይህን ጫና ያሳድራል።

ይህ ድርጊት በትራፊክ ፖሊስ የአደጋ መዝገብ «ርቀትን ጠብቆ አለማሽከርከር» በሚል ራሱን ችሎ ከሚመዘገቡት የአደጋ መንስኤዎች አንዱ ነው። ከተወሰነው ፍጥነት በላይ ስለማሽከርከር፣ ጠጥቶ ስለመንዳትና ለእግረኛ ቅድሚያ ስለመከልከል በየመድረኩ ብዙ ይነገራል። ተጠግቶ ማሽከርከር ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ችኮላ ወይም እንደ ትዕግሥት ማጣት እንጂ እንደ ጥፋት ሲቆጠር አይታይም። በተለይም የሚጠጋው ሳይሆን የሚጠጉበት አሽከርካሪ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያስረዳ ምክር እምብዛም አይገኝም።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት በመጀመሪያ ስሌቱን መመልከት ያስፈልጋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። ንቁ የሆነ አሽከርካሪ ከፊቱ ያለውን አደጋ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ አንድ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ የደከመ ወይም ስልክ የሚያነጋግር ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ በዚህ ፍጥነት ከፊተኛው በ10 ሜትር ርቀት የሚከተል አሽከርካሪ የፊተኛው በድንገት ቢቆም ፍሬን ከመያዙ በፊት ይደርስበታል። እዚህ ላይ የመንዳት ችሎታ፣ የፍሬን ጥራት ወይም የመኪናው አዲስነት የሚለውጠው ነገር የለም። አሥሩ ሜትር የሚያልቀው በግማሽ ሴኮንድ ባልሞላ ጊዜ ነውና።

ጥሩ ጎማና ጥሩ ፍሬን ያለው አነስተኛ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ አደጋው ከታየበት ቅጽበት ጀምሮ እስኪቆም ድረስ 37 ሜትር ገደማ ይፈጅበታል። በ80 ኪሎ ሜትር ወደ 57 ሜትር፣ በ100 ኪሎ ሜትር ደግሞ ወደ 83 ሜትር ከፍ ይላል። መንገዱ ሲረጥብ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው ርቀት እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ከበጋው ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ ደግሞ በአስፋልቱ ላይ የተጠራቀመውን ዘይትና አቧራ ስለሚያሟሟ መንገዱን ከወትሮው ይልቅ ያንሸራትተዋል። ጭነት የያዘ ቦቴ ወይም ተሳቢ ያለው የጭነት ተሽከርካሪ ከአነስተኛ መኪና እጅግ የበለጠ ርቀት እንደሚያስፈልገው በጅቡቲ መስመር የሠራ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው ነው።

በብዙ አገሮች የሚሠራበት የሁለት ሴኮንድ መለኪያ የመነጨው ከዚሁ ስሌት ነው። የፊተኛው ተሽከርካሪ አንድን የመንገድ ምልክት ወይም ምሰሶ ሲያልፍ የኋላኛው አሽከርካሪ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ብሎ ይቆጥራል። ቆጥሮ ሳይጨርስ እዚያው ምሰሶ ላይ ከደረሰ ተጠግቷል ማለት ነው። በዝናብ፣ በጉምና በሌሊት ቆጠራው ወደ አራት ሴኮንድ ከፍ ይላል። ይህ መለኪያ ሜትር መገመትን አይጠይቅም፤ በ60ም ሆነ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያገለግላል። ለ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሁለት ሴኮንድ ማለት 56 ሜትር ነው።

የሚጠጋው አሽከርካሪ በዚህ የሚያተርፈው ምንድን ነው? 56 ሜትር መራቅ ሲገባው 10 ሜትር ላይ የሚከተል ሰው ወደሚሄድበት ስፍራ የሚደርሰው 46 ሜትር ቀድሞ ነው። በጊዜ ሲሰላ ሁለት ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። የፊተኛው መንገድ ለቅቆለት ፍጥነቱን ቢጨምርም ትርፉ አነስተኛ ነው። 85 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የፍጥነት መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያጠናቅቅ 51 ደቂቃ ሲወስድበት፣ በ110 የሚያጠናቅቅ ከ46 ደቂቃ ጥቂት ያልፋል። ልዩነቱ አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ በክፍያ ጣቢያው ሰልፍ ላይ ሊጠፋ የሚችል ጊዜ ነው።

የሚጠጉበት አሽከርካሪ የኋላኛውን ፍሬን መያዝ አይችልም። ሊቆጣጠረው የሚችለው ከራሱ ፊት ያለውን ክፍት ቦታ ብቻ ነው። ከኋላ የጎደለው ርቀት ከፊት መተካት ይኖርበታል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝና ከፊቱ ካለው ተሽከርካሪ 44 ሜትር የራቀ አሽከርካሪ ከኋላው ሲጠጉበት ይህን ርቀት ወደ 88 ሜትር ገደማ ማሳደግ ይገባዋል። ይህን ለማድረግ ፍሬን መርገጥ አያስፈልግም። እግርን ከነዳጅ መስጫው ቀስ አድርጎ በማላላት ፍጥነቱን በ5 ኪሎ ሜትር ቢቀንስ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ክፍተቱ ይገኛል። በዚህ ክፍተት የተነሣ ከፊት አንድ ነገር ቢያጋጥም ድንገተኛ ፍሬን ሳይሆን ረጋ ያለ ፍሬን ይበቃል፤ ረጋ ያለ ፍሬን ደግሞ ለተጠጋውም ሰው የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል። ስለዚህ የፊተኛው አሽከርካሪ በአንድ ጊዜ ለራሱም ለኋላኛውም ያሽከረክራል ማለት ነው። ይህ ፍትሐዊ አይመስልም፤ ነገር ግን ግጭቱ ቢደርስ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት የእርሱ ተሳፋሪዎች ናቸው።

በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ለዚህ ምክር የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ክፍት ቦታ ከተተወ ሌላው ይገባበታል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይገባበታል። ነገር ግን አንድ መኪና ከፊት ሲገባ የሚያስከፍለው ሁለት ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ባለው ጉዞ አሥር መኪኖች ቢገቡ እንኳ የሚባክነው 20 ሴኮንድ ሲሆን፣ አንድ የትራፊክ መብራት ቀይ ሆኖ ከሚያቆመው ያነሰ ነው። በከተማው ውስጥ ርቀት መጠበቅን ይበልጥ አስፈላጊ የሚያደርገው ሌላው ምክንያት የሚኒባስ ታክሲው አሠራር ነው። ከውስጥ «ወራጅ አለ» የሚል ድምፅ በተሰማ ቅጽበት ታክሲው ይቆማል፤ ፍሬቻ ለማብራት ጊዜ የሚያገኘው ከስንት አንዱ ነው። ከታክሲ ኋላ ያለ አሽከርካሪ ያንን ድምፅ የሰማ ያህል አስቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል።

ከኋላ የተጠጋውን ማሳለፍ የሚቻልበት መንገድ እንደ ቦታው ይለያያል። በ2007 ዓ.ም አገልግሎት መስጠት በጀመረውና በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት ረድፎች ባሉት የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ጉዳዩ ቀላል ነው። የግራው ረድፍ ለመቅደሚያ ነው፤ ቀድሞ የጨረሰ አሽከርካሪ በስፖኪዮ ተመልክቶ፣ ፍሬቻ አሳይቶ ወደ ቀኝ ይመለሳል። እዚህ ላይ ሳይጠቀስ መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። በግራው ረድፍ ላይ ያለምክንያት ቀስ እያለ የሚጓዝና «በተፈቀደው ፍጥነት እየሄድሁ ነው» በሚል ሌላውን የሚያግድ አሽከርካሪም የችግሩ አካል ነው። ፍጥነትን የማስከበር ሥልጣን የትራፊክ ፖሊስ እንጂ የግለሰብ አይደለም፤ የመንግሥት ተሽከርካሪ መያዝም ይህን ሥልጣን አያሰጥም።

ባለ ሁለት አቅጣጫ በሆነው ጠባብ አስፋልት ላይ፣ ለምሳሌ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል በሚያልፈው ነባሩ መንገድ፣ ማሳለፍ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የኋላኛው ለመቅደም ሲሞክር ከፊት ለፊት ከሚመጣ ተሽከርካሪ ጋር ቢጋጭ የፊተኛውም ከአደጋው አያመልጥም። በዚህ ጊዜ ወደ ቀኝ ጠጋ ማለት፣ ፍጥነትን ቀስ በቀስ መቀነስና የሚቀድመው በቶሎ ገብቶ እንዲያልፍ ፍጥነትን ሳይጨምሩ መቆየት ይገባል። ሲቀደሙ ፍጥነት መጨመር ከተጠግቶ መንዳት የማይተናነስ ጥፋት ነው። እልኸኛው የማያልፍ ከሆነ አመቺ የሆነ የመንገድ ዳር ወይም ነዳጅ ማደያ ሲገኝ ፍሬቻ አስቀድሞ አሳይቶ መውጣትና እንዲሄድ መተው የተሻለ ነው። በመንገዱ ዳር ከብት፣ ጋሪና እግረኛ በሚበዛባቸው ስፍራዎች ግን በድንገት ወደ ጠርዝ መውጣት ሌላ አደጋ ያስከትላል።

ቁልቁለት ሲሆን ነገሩ ፈጽሞ ይለያል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ዓይነት ቁልቁለት ላይ ከኋላ የሚጠጋ የጭነት ተሽከርካሪ ሁሉ እልኸኛ ነው ብሎ መደምደም አደገኛ ስሕተት ነው። ለረጅም ጊዜ የተያዘ ፍሬን ስለሚግል የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ሾፌሩ መብራት የሚያበራውና ክላክስ የሚያሰማው ፍሬን እምቢ ስላለው ሊሆን ይችላል። በቁልቁለት ላይ አንድ ከባድ ተሽከርካሪ እየቀረበ ከሆነ ምክንያቱን ለመመርመር ጊዜ የለም፤ በመጀመሪያ በተገኘው ሰፊ ስፍራ ከመንገዱ መውጣት ያስፈልጋል። ጉም በሚያዘወትረው በጣርማበር አካባቢም ተጠግቶ የሚከተለው ሰው የፊተኛውን የኋላ መብራት እንደ መሪ ኮከብ ይዞ የሚጓዝ ሊሆን ይችላል። እርሱን ሸሽቶ ለማምለጥ ፍጥነት መጨመር ሁለቱንም ወደማይታይ ስፍራ መውሰድ ነው።

ከሁሉም በላይ መወገድ ያለበት የእልህ ምላሽ ነው። አንዳንድ አሽከርካሪዎች የተጠጋባቸውን «ለማስተማር» በድንገት ፍሬን ይይዛሉ። ይህ ድርጊት ለአደጋ ከማጋለጡም በላይ በሕግ ፊት የፊተኛውን ከተጎጂነት ወደ ጥፋተኛነት ሊያሸጋግረው ይችላል።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች በተጋጩ ጊዜ ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ የእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ባለንብረትም የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ እንዲሸከም ያደርጋል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት የደረሰ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። በሕዝቡ ዘንድ «ከኋላ የመታ ምንጊዜም ይከፍላል» የሚለው እምነት ስለዚህ በከፊል ብቻ ትክክል ነው። ርቀት ያልጠበቀው የኋላኛው ጥፋተኛ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ቢሆንም፣ ይህ የሚሆነው በማስረጃ ነው። የፊተኛው ያለምክንያት ፍሬን እንደያዘ ምስክሮች ካረጋገጡ ወይም የኋላ መብራቱ የማይሠራ ሆኖ ከተገኘ ውጤቱ ሊለወጥ ይችላል።

የዚሁ ሕግ ቁጥር 2081 ደግሞ መሥሪያ ቤቶችን በቀጥታ ይመለከታል። የሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ተሽከርካሪውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው እንኳ ቢሆን ከኃላፊነት አይድንም። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ተጠግቶ ሲያሽከረክር ጉዳት ቢያደርስ የካሣው ጥያቄ የሚቀርበው ለሾፌሩ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የሰው ሕይወት ከጠፋ ጉዳዩ ወደ ወንጀል ይሸጋገራል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን የሚመለከት ሲሆን፣ በመነሻው የሚደነግገው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ይሁን እንጂ የሞቱት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም አድራጊው ግልጽ የሆነ ደንብን ወይም መመሪያን ጥሶ ከሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ይደርሳል። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች በመንገድ ላይ ሕይወታቸውን በሚያጡበት አገር ይህ አንቀጽ በፍርድ ቤቶች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ ነው።

ደንብን በተመለከተ በ2003 ዓ.ም የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 የትራፊክ ጥፋቶችን በእርከን ከፋፍሎ የነጥብ አያያዝ ሥርዓት አስተዋውቋል። ደንቡ በ2009 ዓ.ም በቁጥር 395 የተሻሻለ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ ደንብ ቁጥር 557 ወጥቷል። የገንዘብ ቅጣቱና የነጥቡ መጠን በየማሻሻያው ስለሚለወጥ፣ የስምሪት ክፍሎች በሥራ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከነጋሪት ጋዜጣ አግኝተው በእጃቸው ቢይዙ ይበጃል። አሮጌውን ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፎ የሚያስተምር መሥሪያ ቤት ሾፌሩን ያሳስታል።

ሌሎች አገሮች ለጉዳዩ የሰጡት ክብደት ሊጤን ይገባል። በጀርመን ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ በሚጓዙበት ጊዜ የሚጠበቀው ርቀት በሜትር ሲለካ የፍጥነት መለኪያው ከሚያሳየው ቁጥር ግማሽ ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሜትር ይሆናል። ፖሊስ ከመንገዱ በላይ ባሉ ድልድዮች ላይ ካሜራ ተክሎ ይህን ይለካል፤ ቅጣቱም እስከ 400 ዩሮና እስከ ሦስት ወር የመንዳት እገዳ ይደርሳል። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 በሰጠው ውሳኔ በከተማ ውስጥም ቢሆን መብራት እያበሩና ክላክስ እያሰሙ ተጠግቶ መንዳት የማስገደድ ወንጀል ሊሆን እንደሚችል አረጋግጧል። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ርቀት አለመጠበቅ 400 ድርሃምና አራት ነጥብ ያስቀጣል። በእንግሊዝ ፖሊስ ተጠግቶ የሚነዳን ሰው ወደ ፍርድ ቤት ሳይወስድ በቦታው 100 ፓውንድና ሦስት ነጥብ መቅጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

ግጭት ከደረሰ የማስረጃው ጉዳይ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። የተጎዳ ሰው ካለ ሕክምና ማግኘቱ ከሁሉም ይቀድማል። ከዚያ የተሽከርካሪዎቹን አቋም፣ የጎማ አሻራዎችን፣ የሁለቱንም ታርጋ በፎቶግራፍ መያዝ፣ ያዩ ሰዎችን ስምና ስልክ መመዝገብና ፕላን የሚያነሳውን የትራፊክ ፖሊስ መጠበቅ ያስፈልጋል። በመንገድ ዳር በሽምግልና የሚያልቁ አነስተኛ ግጭቶች ቢኖሩም፣ የመንግሥት ንብረት የሆነ ተሽከርካሪ ሾፌር እንዲህ ያለ ስምምነት የማድረግ ሥልጣን የለውም። ለመድን ሰጪው በቶሎ አለማስታወቅም በኋላ ክርክር ያስነሳል።

የተጠጋው አሽከርካሪ ካለፈ በኋላም ተከትሎ የሚያስፈራራ ወይም መንገድ የሚዘጋ ከሆነ፣ ከመኪና አለመውረድ፣ በሮችን መቆለፍና ወደ መኖሪያ ቤት ሳይሆን በአቅራቢያ ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ሰው ወደሚበዛበት ነዳጅ ማደያ መሄድ ይመከራል። ታርጋውን መመዝገብ የተሳፋሪው ሥራ እንጂ መሪ የያዘው ሰው ሥራ አይደለም። በተመሳሳይ ሁኔታ ከኋላ የሚጮኸው አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ ተሽከርካሪ ሲሆን መንገድ መልቀቅ ግዴታ ነው፤ የአምቡላንሱን ጅራት ይዘው የሚከተሉት ግን ከተጠግቶ አሽከርካሪነት የተለዩ አይደሉም።

በመሥሪያ ቤቶች በኩል የሚቀረው የስምሪት ጉዳይ ነው። ተጠግቶ የሚያሽከረክረው አንዳንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ራሱ ነው። «ጋሼ፣ እንደርሳለን» ብሎ የሚነዳው ሰው የሚነዳው ከኋላ የተቀመጡትን ኃላፊ ፊት በስፖኪዮ እያየ ነው፤ ኃላፊው ሰዓታቸውን በተመለከቱ ቁጥር ከፊቱ ያለው ርቀት ይጠብባል። ሾፌሩ ርቀት ጠብቆ በመዘግየቱ እንደማይጠየቅ በጽሑፍ የገለጸ መሥሪያ ቤት ይህን ጫና ያነሳለታል። በስምሪት ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የመነሻ ሰዓትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የፍጥነት መንገዱ ብቻ 51 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ፣ ከከተማው መውጫ፣ ከክፍያ ጣቢያውና ከአዳማ መግቢያ ጋር ተደምሮ ለ3 ሰዓት ስብሰባ ተሽከርካሪው ከግቢው መውጣት ያለበት 2 ሰዓት ላይ ሳይሆን ከ1 ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ነው።